ለአንድ ክረምት የሚሆን ጣውላ

«ሃያ አምስት ዓመት ለማን ነው? ለእማዬ እንደሆነ ለአንድ ክረምት የሚሆን ጣውላ ይበቃታል።»

ይህን ያለው የበኩር ልጁ ነው። ያለውም በእናቱ ማድ ቤት ቆሞ፣ በእናቱ ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ ነው። አባቱ፣ አናጢው፣ ከበሩ ጀርባ መተላለፊያው ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ጉልበቱ ቢከዳውም ጆሮው ገና አልከዳውም፤ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ሴት ልጁ ለወንድሟ ምን እንደመለሰች ግን አልሰማም። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ብቻ ነው የተሰማው። አናጢው ያሰረውን ክር ፈታና እንደገና አሰረ፤ ደግሞ ፈታው። ደሙ ፈልቶ ነበር። ብድግ ብሎ ገብቶ «ምን አልክ አንተ?» ሊል ፈለገ፤ ግን የማድ ቤቱና የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፣ ያውም ስስ ነው፤ ስስ መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የሠራው ራሱ ነውና። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ ተኝታለች። እሱ ከጮኸ ትሰማለች። ልጁ የተናገረውን ሰምታ ከሆነስ? ይህን ሲያስብ እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

ነገሩ የበረንዳ ነገር ነው። በረንዳው ወደ መንገዱ የዞረ፣ ሦስት ሜትር በአራት፣ አናጢው ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ እጁ ያነጠፈው ወለል ነበረው። በዚያ ከተማ በረዶው አምስት ወር ያህል መሬት ላይ ተኝቶ ይከርማል፤ ሰው እንዳያዳልጠው ጨው ይበተንበታል፤ ጨውና በረዶ ተባብረው ወለሉን በልተው ጨርሰውታል። አሁን አንዳንዱ ጣውላ በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል፤ ሁለት ቦታ ደግሞ ጭራሽ ክፍት ነው፣ ከታች አፈሩ ይታያል። ይህ ሁሉ ችላ ተብሎ ሊኖር ይችል ነበር፤ የአናጢ ቤት እንደሆነ ሁልጊዜ አንድ ነገሩ የተሰበረ ነው፣ ሚስቱም መደርደሪያ ለማሠራት ሰባት ዓመት የጠበቀች ሴት ናት። በበጋው ግን ታመመች። ሆዷን ተቀደደች። የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ቀስ እያለ ይድናል ብለው ነገሩት፤ እሱም አመነ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት የጎረቤትን ግንብ ነው የሚያሳየው። አንድ ቀን ግንቡን እያየች «በረዶው ሳይጥል አንድ ቀን እንኳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲያልፍ ባይ» አለች። ከዚያ በኋላ አልደገመችውም። እሱ ግን ያን ቃል ይዞት ተነሳ ይዞት ተኛ። ልጆቹም አዋጡለት። በረዶው ሊጥል የቀረው አስር ቀን፣ ቢበዛ አስራ አምስት ቀን ነው።

ማድ ቤት ሲገባ ልጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሴት ልጁ ተነስታ ወንበር ሳበችለት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሽንኩርት ግን አልተከተፈም። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የሚያካክሉ አራት የጣውላ ቁራጮች ተደርድረዋል፤ ከየሱቁ ለናሙና የተሰጡ ናቸው፣ እያንዳንዱ ላይ የካሬ ሜትሩ ዋጋ በወረቀት ተለጥፎበታል። አንዱ ጥድ ነው፣ ዘጠና ይላል። ሁለተኛው መድኃኒት የጠጣ፣ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ የሚሸት እንጨት ነው፣ መቶ አርባ። ሦስተኛው ከሩቅ የሚመጣ ቀይና ጠንካራ እንጨት ነው፤ የእሱን ዋጋ ማንም ጮክ ብሎ አንብቦት አያውቅም። አራተኛው እንጨት አይደለም። ሰጋቱራና ፕላስቲክ አቅልጠው ያጋገሩት፣ የሃያ አምስት ዓመት ዋስትና ያለው ነገር ነው፣ ሦስት መቶ አርባ። አናጢው ይህን አራተኛውን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «የሰጋቱራ ኬክ» ነው የሚለው። ትናንት ማታ ድረስ ሐሳቡ ከጥዱ ጋር ነበር። ጥዱ ተመርጦ፣ ጣውላ ቤቱ ጓሮ ውስጥ ለብቻው ተቆልሎ፣ ዛሬ ከሰዓት ሊጫን ተቀጥሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ጥዱን አንስቶ አየውና ጠላው።

«ተነስ እንሂድ» አለው ልጁን፣ ፊቱን ሳያየው።

«ከሰዓት አይደል አባዬ?»

«አሁን።»

ከመውጣቱ በፊት ወደ መኝታ ቤት ጎራ አለ። ሚስቱ በሁለት ትራስ ተደግፋ ጸጉሯን በጣቶቿ እያፍታታች ነበር። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ነው፣ ሰውን ገና ሳይናገር የሚቀድም። አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ተመለከተ፣ ከዚያ እሷን ተመለከተ። ሰምታለች ወይስ አልሰማችም? እንዴት ብሎ ይጠይቃል? ብርድ ልብሷን እግሯ ስር አስገባላት። እግሯ ቀዝቅዟል።

«ልጁ ላይ እንዳትጮህበት» አለችው።

«ምን አደረገና ነው የምጮህበት?»

«ምንም። አንተን ስለማውቅህ ነው።»

ልጁ ዳቦ ቤት የሚሠራ ሾፌር ነው፤ ዳቦ የሚያከፋፍልባት መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። በሌላ ቀን ቢሆን አናጢው ከኋላ አንዱን ጎርሶ ሁለተኛውን ኪሱ ይከትና «የአሠሪህን ሀብት ጨረስኩት» እያለ ይስቅ ነበር። ዛሬ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ብቻ አየ። ከተማው ለበረዶው እየተዘጋጀ ነው። ሱቆች ደጅ አካፋና የጨው ከረጢት ተከምሯል፤ ሰዎች የመስኮታቸውን ቀዳዳ በማጣበቂያ ይደፍናሉ፤ አንዲት ሴትዮ ሁለት ወንበርና አንዲት ጠረጴዛ ከደጅ ወደ ቤት ታስገባለች። በየቤቱ በረንዳ አለ። አናጢው ስንቱን በረንዳ እሱ እንደሠራው በልቡ ቆጠረ፤ እስከ አስራ አንድ ደረሰና ተወው። ልጁ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሁለቴም ማርሽ ቀይሮ ተወው። አባትየው አይቶታል። ይጸጸት እንጂ፣ አለ በሆዱ። የእናቱን ዕድሜ በክረምት ቆጥሮ ጣውላ የሚገዛ ልጅ ይጸጸት። ሕፃን ሆኖ ሳል ሲይዘው ጀርባዋ ላይ አዝላው ያደረችው ስንት ክረምት ነበር?

የጣውላ ቤቱን ባለቤት ሸበቶ ይሉታል። አናጢውን ገና ከሩቅ ሲያየው «ጋሽ ውሃ ልክ!» ብሎ ጮኸ። አናጢውን በሙያው አካባቢ የሚያውቀው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራው፤ ሥራ ላይ ሳለ የውሃ ልኩን ሳያስቀምጥ አንድ ምስማር መትቶ አያውቅም፣ የሠርጉ ዕለትም ጠረጴዛው ዘመመ ብሎ ሙሽራዋን አስቁሞ እግሩ ስር ስንጥር ከቷል እየተባለ ይወራል። የተወራው እውነት ነው። ሸበቶ ቀጠሮ የተያዘለትን የጥድ ቁልል አሳያቸው። በሰማያዊ ገመድ ታስሯል፣ ጫፉ ላይ የልጁ ስልክ ቁጥር በጠመኔ ተጽፏል። ጥሩ ጥድ ነው። አናጢው አንዱን መዘዘ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ ተመለከተው፤ ቀጥ ያለ ነው። ጫፉን በምራቁ አርሶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ደርቋል። የግንዱን ቀለበት በጥፍሩ ቆጠረ፤ የተጠጋጋ ነው፣ ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ነው። ዘይት ቢጠጣ ስድስት ሰባት ዓመት አያሳፍርም። ይህን ሁሉ አወቀ፤ አውቆም ጣውላውን መልሶ ቁልሉ ላይ ወረወረው።

«ይሄ ነው?» አለ።

«ምን ሆነ ጋሼ? በዚህ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ደረቅ የት ይገኛል? ያለኝም ይሄው የመጨረሻው ነው። የሚቀጥለው ጭነት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፣ እሱም እርጥብ ነው።»

«ጉጥ በጉጥ ነው።»

«አባዬ፣ ጥሩ ነው እኮ» አለ ልጁ። «ዛሬ ይጫንልን። ነገና ከነገ ወዲያ ሥራ የለኝም፤ አብረን እናነጥፈዋለን። በሦስተኛው ቀን ትቀመጥበታለች።»

አባቱ ዞር አለ። ጠዋት ከበሩ ጀርባ የዋጠውን ነገር አሁን ሊተፋው ነው። ሸበቶ ቆሟል፣ ሁለት ጫኞች ቆመዋል፣ የፕላስቲክ ቦቲ ያደረገ አንድ ተቋራጭም ተራውን እየጠበቀ ነው። አናጢው ግን ማንም አልታየውም።

«አዎ ለአንድ ክረምት ይበቃል አይደል? የምን ጥሩ ነው ጥሩ ነው! እኔ ለሬሳ ሳጥን እንኳ እንዲህ ያለ ጥድ ሰጥቼ አላውቅም!»

የልጁ ፊት ተለዋወጠ። አባቱ የጠበቀው ክርክር ነበር፤ መልስ፣ ጩኸት፣ ቢያንስ «እንዴት እንዲህ ትላለህ» መባል። ልጁ ግን እጁን ኪሱ ከትቶ ዞረና ወደ መኪናው ሄደ፣ በሩን ከፍቶም አልገባም፤ ክንዱን ጣሪያው ላይ አድርጎ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፋ። አፍሮ ነው፣ አለ አናጢው ለራሱ፤ ያፍር። ባለ ቦቲው ተቋራጭ ጉሮሮውን ጠረገና ቁልሉን እሱ መውሰድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ሲሚንቶ የሚሞላበት ምሰሶ አለው፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ መያዣ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ጉጥም አይከፋም። ሸበቶ ወደ አናጢው አየ። አናጢው «ውሰደው» አለ፣ እጁንም ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወናጨፈ። ጫኞቹ ሰማያዊውን ገመድ ፈቱት።

የሰጋቱራው ኬክ የሚሸጥበት፣ ከረባት ያሰረ ወጣት የሚሠራበት ሱቅ ከጣውላ ቤቱ ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ነው። ውስጡ ይሞቃል። መሬቱ ላይ ምንጣፍ አለ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ፣ እንጨት የሚሸጥበት ቤት ሆኖ የእንጨት ሽታ የለውም። ግድግዳው ላይ ጥርሷ የነጣ አንዲት ሽማግሌ ሴት ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። አናጢው ፎቶዋን ትክ ብሎ አየ። በሐሳቡ ሚስቱን በእሷ ቦታ አስቀመጠ። ባለ ከረባቱ የሰጋቱራውን ኬክ ከመደርደሪያ አወረደ፤ ውሃ አፈሰሰበትና በጨርቅ ጠረገው፣ በቁልፍ ፈተገውና ጭረቱን አሳየ፣ የለም። አይበሰብስም፣ አይሻግትም፣ ጨው አይበላውም፣ ዘይት አይጠይቅም፣ በረዶ ሲረገጥበትም አያንሸራትትም፣ አለ። ይህን ሁሉ ያለው እንደ ተማሪ በቃሉ ነው። አናጢው በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ልጅ እግር ሻጭ አስቀምጦ ያስተምረው ነበር። ብርድ ሲይዘው በርዝመቱ እንደሚያጥር፣ ከስሩ የሚሸከመው ሞራሌ ተቀራርቦ ካልተደረደረ እንደሚጎብጥ፣ አንዴ ከተሰበረም እንደ እንጨት ቀጥሎ መጠገን እንደማይቻል ይነግረው ነበር። ገና ገበያ ከወጣ ጀምሮ የናቀው ዕቃ ነው። ዛሬ ግን የሚገዛው ጣውላ አልነበረም። ዛሬ የሚገዛው ዓመት ነው።

«ሃያ አምስት ዓመት ትላላችሁ። በወረቀት ነው?»

«በወረቀት ነው አባት። ማህተም አለው።»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«አንድ ቀን አይጎድልም።»

ልጁ ከኋላ ቀረብ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ነው የሚደርሰው?» ብሎ ሻጩን ጠየቀ። ባለ ከረባቱ የቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። ዕቃው መጋዘን የለም፣ በትእዛዝ ነው የሚመጣው፤ ስድስት ሳምንት፣ ትንሽ ሊያልፍም ይችላል። ያኔ ደግሞ ብርዱ ከባድ ስለሚሆን ዋስትናው እንዲጸና በረዶው ከቀለጠ በኋላ ቢነጠፍ ይመረጣል፣ ኩባንያው የሚመክረው እንደዚያ ነው፣ አለ። ሚስቱን በረዶው ሳይጥል ላወጣት ነው ብሎ የተነሳው አናጢ ይህን ሰማ። አልሰማም አይባልም። አስር ቀንና አምስት ወር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ ውሃ ልክ አያስፈልገውም። ግን ንዴቱ ሁሉንም ነገር አቅልሎበት ነበር። አምስት ወር ምን አላት? ጨጓራ ነው፤ ይሻላታል፤ እስከዚያ በርትታ በገዛ እግሯ ትወጣበታለች። አንድ ክረምት ለሰፈሩላት ሃያ አምስቱን አንጥፎ ያሳያቸዋል።

«ምን ቸገረን፣ እንጠብቃለን» አለ።

«አባዬ፣ በሞቴ!» አለ ልጁ። ክንዱን ያዘው። «በሞቴ፣ አሁን የሚገኘውን እንግዛ። መድኃኒት የጠጣውም ይሁን። ምንም ይሁን።»

«ልቀቀኝ። ለአንተ ገንዘብ ከሆነ የጎደለውን እኔ ነኝ የምሞላው። የመላጊያ ማሽኔን የሸጥኩበት አለ።»

ልጁ ለቀቀው። ባለ ከረባቱ ብዕሩን አንስቶ ዋስትናው በማን ስም እንደሚጻፍ ጠየቀ። አናጢው ደረቱን ነፋ አድርጎ የሚስቱን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ አስጻፈ፤ አንዷ ፊደል ተሳስታ ስለነበር ወረቀቱ ተቀድዶ እንደገና እንዲጻፍ አደረገ። ማህተሙ ሲያርፍበት ደስ አለው። ከበጋው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። በመልስ መንገድ ከኋላ አንድ ዳቦ አንስቶ ገምጦ በላ፤ ልጁ ሲነዳ የሚያለቅስ መሆኑን ያየው ዳቦውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለ እናቱ ስለ ተናገረው ክፉ ቃል ነው የሚያለቅሰው ብሎ አሰበና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ይቅር ብሎት ነበር።

ቤት ሲደርሱ ሴት ልጁ እናቷን ከአልጋ አንስታ ሳሎን ወንበሯ ላይ አስቀምጣታለች። አናጢው ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። መነጽሯን ፈለገች፤ ልጅቷ አቀበለቻት። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችው፤ ደንቡን፣ ቁጥሩን፣ ማህተሙን ሳይቀር።

«በስሜ?» አለች።

«በስምሽ ነው እንጂ በማን ስም ይሆናል! ሃያ አምስት ዓመት። ጨው አይበላው፣ በረዶ አይበላው። በረዶው ሲቀልጥ ይነጠፋል፣ አንቺም በእግርሽ ትወጪበታለሽ።»

ሴት ልጁ የውሃውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ወጣች፤ ማንቆርቆሪያው ሙሉ ነበር። ሚስቱ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና ደግሞ፣ መዳፏን እስኪያክል። «ጥሩ አደረግህ» አለችው። «እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይደረጋል?» ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ ከዚያ ቀና ብላ በእሱ ትከሻ ላይ አልፋ በሩ ላይ የቆመውን ልጇን አየችው። አስተያየቷ «ዝም በል» የሚል ነበር። አናጢው ይህን አስተያየት አርባ ዓመት ያውቀዋል፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ነገር ሲበላሽ፣ ዘመድ ሲያንሾካሽክ የምታየው አስተያየት ነው። በእሱ ራስ ላይ አልፎ ሲሄድ ግን አይቶ አያውቅም። ልጁ በበረንዳው በር ወጣ። አባቱ ተከተለው።

የተቦረቦረው ወለል ላይ፣ አንደኛው ክፍት ቦታ ዳር፣ ትይዩ ቆሙ። የሚረገጠውን ያውቁታል፤ ሁለቱም እግራቸውን ያሳረፉት ምስማሩ ባለበት መስመር ነው።

«ምንድን ነው የምትደብቁኝ?» አለ አናጢው።

«አባዬ፣ ጨጓራ አይደለም።»

«እ?»

«ጨጓራ አይደለም። ሐኪሙ ከፍቶ አይቶ መልሶ ሰፋት። የሚወጣ አልነበረም። ከበረታች እስከ ክረምቱ አጋማሽ ነው ያለን።» ልጁ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «‹ለእኔ ለአንድ ክረምት የሚሆን ጣውላ ይበቃኛል፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አትጨርሱ› ያለችኝ እሷው ናት። እየሳቀች ነው ያለችኝ። ጠዋት ለእህቴ የነገርኳት የእማዬን ቃል ነው። ሰምተኸኝ ነው አይደል? ጣውላ ቤት ስትጮህብኝ ገባኝ።»

አናጢው ግድግዳውን ያዘ። ሠላሳ ዓመት የቆመ ግድግዳ ነው፣ አይነቃነቅም። «ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?» ሊል ፈልጎ ግማሹን ብቻ አለው፤ ልጁ ግን ገባው።

«አስማለችን። ‹አባታችሁ የማይጠገን ነገር ሲያይ ያብዳል፤ የቀረኝን ጊዜ እሱን ሳባብል መጨረስ አልፈልግም፤ እንደ ድሮው ይነጫነጭብኝ› ነው ያለችን። አባዬ፣ እንዳወቅህ እንዳታውቅብህ። ሌላ ነገር አልጠየቀችንም። ያችን በረንዳና ይህን ብቻ ነው።»

አናጢው ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን የመታለት ልጁ ነው። ሸበቶ ከመጋዝ ጩኸት ውስጥ ሆኖ መለሰ፤ ጥዱ እኩሉ ተቆርጦ ሳጥን ሆኗል፣ እኩሉ መኪና ላይ ነው፤ ምነው ጋሼ፣ ሰላም ነው? ሰላም ነው፣ አለና ዘጋው። ከዚያ የሙያው ሰው ሆኖ ማሰብ ጀመረ። ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። የሥራ ቤቱ መደርደሪያ አለ፣ የድሮ በሮች አሉ፣ የራሱ አልጋ ርብራብ አለ። ሦስት በአራት ለመሸፈን ይተርፋል። ዛሬ ቢጀምር ነገ ማታ አይደርስም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይደርሳል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆም ቢሆንም ይቁም። «መዶሻውን አምጣው» አለና ራሱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሊነግራት።

ሚስቱ እዚያው ወንበሯ ላይ ናት። የታጠፈውን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛለች።

«ስሚኝማ» አለ። «እስከዚያ ድረስ ለምን ባለኝ ጣውላ አላነጥፍልሽም? ነገውኑ። የሥራ ቤቱን መደርደሪያ ፈትቼ...»

ቀና ብላ አየችው። መደርደሪያ ለመሥራት ሰባት ዓመት ያስጠበቃት ሰው ዛሬ የራሱን መደርደሪያ ለነገ ሊያፈርስ ነው። ዓይኗ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ዞረ፣ ከግንባሩ ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ እጁ። የፈራችውን ነገር ፊቱ ላይ እየፈለገች ነበር። ፍርሃቷን አየው። ሕመሙ ሲጨክንባት እንኳ እንዲህ ስትፈራ አላያትም። አሁን መዶሻውን ካነሳ እንዳወቀ ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀራቸውን ጥቂት ጊዜ እያንዳንዱን ጉርሻ፣ እያንዳንዱን እንቅልፍ እየተያዩ ይሰልሉታል። መዶሻውን ካላነሳ ደግሞ በረንዳው የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ሊሰጣት አይችልም። ቢችል ኖሮ ጠዋት ነበር፤ ጥዱ ተቆልሎ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ማንም ምንም ሳይል።

«ነገ?» አለች። «ምን አስቸኮለህ?»

ዕድሜውን ሙሉ የዘመመ ነገር አይቶ ሳያቃና አልፎ አያውቅም።

«የልጁ ሐሳብ ነው እንጂ» አለ። «ገንዘቡ አንገብግቦት። እኔማ ነገርኩት፤ ድርብ ሥራ ለምን? ዕቃው ይደርሳል፣ በረዶው ሲቀልጥ በደንብ አድርገን እናነጥፈዋለን። እስቲ አሁን በዚህ ብርድ ማን ምስማር ይመታል?»

ትንፋሿን ለቀቀች። ትከሻዋ ወረደ። «እሱስ ልክ ነህ» አለች፤ ድምጿ የእፎይታ ነበር፣ እፎይታውም ልቡን ቆረጠው። «ታዲያ ወንበሬን በየት በኩል ታደርግልኛለህ?»

«በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፎ። ንፋስ አያገኝሽም። መንገዱ ሁሉ ይታይሻል፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው።»

«የዳቦ ቤቱስ ደጅ?»

«እሱም።»

«ስነሳ ስቀመጥ እንዳይወድቅ የወንበሩን እግር በደንብ አስተካክልልኝ ብቻ።»

«በውሃ ልክ ነው የማስቀምጠው» አለ፣ ሳቀችም። ልጁ መዶሻውን ይዞ ከበረንዳው ሲመለስ አባቱ ምንም እንዳልሆነ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «አስቀምጠው፣ አያስፈልግም» አለው። ልጁ ሁለቱን አየና መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የበረንዳው በር ከኋላው ክፍት ቀርቶ ነበር። መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፣ ኮታቸውን ዘግተው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው፤ ከወንበሯ ሆና በበሩ ስፋት ልክ ይታያታል። አንገቷን ወደዚያ አዘንብላ ጥቂት አየች። አናጢው ወንበሩን አንድ ክንድ ወደፊት ቢስብላት ሌላም ይታያት እንደነበር ያውቃል፤ አልሳበውም፣ ምን አስቸኮለህ ትለዋለችና።

«ዝጉት» አለች በመጨረሻ። «ቤቱ ቀዘቀዘ።»

አናጢው ሄደና እሷን ከውስጥ አድርጎ የበረንዳውን በር ዘጋው።